ሽንኩርት የሌለበት ጾም፦ የቼንግዱ ማስታወሻ

ነሐሴ 1፣ ከቦሌ ወደ ቼንግዱ

ቲኬቱን የቆረጥኩት በግንቦት ነው። ዋጋው ወርዶ ሳገኘው ተጣድፌ ገዛሁ፤ ቀን መቁጠሪያ ማየት ትዝ አላለኝም። በኋላ ሳሰላው የምበርበት ቀን የፍልሰታ መግቢያ ሆኖ ቁጭ። እማዬ ስትሰማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ታዲያ ምን ልትበዪ?"

የምሄደው የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ነው። ቻይና፣ ቼንግዱ ከተማ ውስጥ ሦስተኛ ዲግሪውን ይማራል። ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ዘመድ አዝማዱ ግን ከወዲሁ "ዶክተሩ" ብሎታል። እኔም እዚህ እንደዚያው እጠራዋለሁ። "ሽሮ ይዘሽ እንዳትመጪ፤ ዶርም ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው" ስላለኝ ሻንጣዬ ውስጥ ያለው ስንቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው።

አውሮፕላኑ ላይ የጾም ምግብ አስቀድሜ ማስመዝገብ ነበረብኝ። እሱንም ረሳሁ። ዳቦ በማርማላታ በልቼ ተኛሁ። ያረፍነው ቲያንፉ በሚባለው አየር ማረፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተ አዲስ ስለሆነ ከከተማው ይርቃል፤ ግን ባቡሩ እዚያው ሥሩ ድረስ ይመጣል። ዶክተሩ መውጫው ላይ ካርቶን ይዞ ቆሟል። "እንኳን ደህና መጣሽ እታለም" ይላል፣ በአማርኛ። ከኔ በቀር ማንም የማያነበውን ነገር ሰው ሁሉ ፎቶ እያነሳው ነበር።

ነሐሴ 2፣ ሥጋ የሌለው ሥጋ

አዲስ አበባን የተውኩት በዝናብና በብርድ ነው። ሹራብ ደርቤ ነበር። ቼንግዱ በነሐሴ እንደ እንፋሎት ቤት ናት። ሰማዩ ግራጫ፣ አየሩ እርጥብ፤ ምንም ሳትሠራ ያልብሃል። ሹራቡ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ እስክመለስ አልወጣም።

ቁርስ ፍለጋ ወጣን። አንዲት ጠባብ የኑድል ቤት ገብተን ዶክተሩ "ሥጋ የሌለው" ብሎ አዘዘልኝ። ሴትየዋ "የለውም" አለች። መጣ። በሹካ እንጨቱ ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ እንደ ምንቸት አብሽ የደቀቀ የአሳማ ሥጋ ተኝቷል። "ይሄማ ማጣፈጫ ነው" አለች ሴትየዋ፣ ከልቧ ግራ ገብቷት። ሥጋ የሚባለው ለካ ቁራጩ ነው። ሌላ ቤት ቶፉ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን አይብ መሳይ፣ አዘዝን፤ እሱ ደግሞ የበሬ ሥጋ ተነስንሶበታል። ሦስተኛው ቤት አትክልት ብቻ አለን፤ መረቁ ግን የአጥንት ሆነ። በመጨረሻ ነጭ ሩዝና በኮምጣጤ የተነከረ ኪያር በላሁ። ኪያሩ ላይ ሁዋጂያው የሚሉት ቁንዶ በርበሬ መሳይ ፍሬ ነበረበት። አያቃጥልም። ምላስን ያደነዝዛል፣ ጥርስ ሐኪም ቤት መርፌ የተወጋህ ያህል። ውኃ ስጠጣ ውኃው ራሱ ጨው ጨው አለኝ።

ከሰዓት በኋላ የሕዝብ ፓርክ በሚባለው ግቢ ሻይ ጠጣን። ሻዩ የሚቀርበው ክዳንና ማስቀመጫ ባለው ስኒ ነው። አንዴ ከፈልህ ማለት ነው፤ ሙቅ ውኃውን እየመጡ እስኪመሽ ይሞሉልሃል። የቡና ሦስተኛ ትዝ አለኝ፤ በረካ ላይ የማይቆም ቡና። በመሃላችን ጆሮ የሚያጸዱ ሰዎች የብረት መቆንጠጫቸውን ዝንንን እያደረጉ ይዞራሉ። ዶክተሩ "ሞክሪው" አለኝ። ጆሮዬን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም አልኩ።

ሲመሽ ዶክተሩ አንድ ቃል አስተማረኝ። "ሱ።" ሥጋ የሌለው ማለት ነው። "ዎ ቺ ሱ" ካልሽ "ሱ ነው የምበላው" ማለትሽ ነው፣ አለኝ። ግን እሱን ቃል በደንብ የሚያውቁት ቤተ መቅደሶች ናቸው። ታኦይዝም የሚሉት የቻይና ጥንታዊ ሃይማኖት መነኮሳት ወጥ ቤት አላቸው ሲለኝ የነገው ፕሮግራም እዚያው ተወሰነ። ለታሪክ ብዬ ነው የሄድኩት ብል ውሸት ነው። ርቦኝ ነው የሄድኩት።

ነሐሴ 3፣ ቺንግያንግ ጎንግ

ዶክተሩ ወደዚህ ቤተ መቅደስ እስከዛሬ አንድም ቀን አልሄደም። አንበሳ ግቢን እንግዳ ካልመጣበት እንደማያይ የአዲስ አበባ ልጅ ማለት ነው። ቀላል ነው መንገዱ፤ በ5ኛው የሜትሮ መስመር ተሳፍረህ የቤተ መቅደሱን ስም በያዘው ጣቢያ ትወርዳለህ። መግቢያው 10 ዩዋን ነው። በስልክ ከፈልን።

በሩ ላይ ስደርስ ወገቤ ከኔ ቀደመ። ጎንበስ ብዬ መቃኑን ልስም ስል ዶክተሩ ክንዴን ያዘኝ። "እታለም! ምን ሆነሻል?" ምን ልበለው። የድሮ ግቢ፣ የጭስ ሽታና ትከሻዬ ላይ ያለው ነጠላ አንድ ላይ ሲገጥሙ ወገቤ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ደፍ አይሳምም። አይረገጥምም፤ ከፍ ያለ እንጨት ስለሆነ እግርህን አንስተህ ትሻገረዋለህ። ጫማም አይወልቅም። ይሄኛውን እስክለምደው ትንሽ ከበደኝ፤ አዳራሽ በገባሁ ቁጥር ጥፋት የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

የስሙ ትርጉም "የአረንጓዴው ፍየል ቤተ መንግሥት" ነው። ወይም የበጉ። ቻይንኛ በግንም ፍየልንም "ያንግ" ብሎ ይጠራል። በጉን በቀኝ ፍየሉን በግራ ሲያቆሙ ሰምቶ ላደገ ሰው ይሄ ትንሽ ያስደነግጣል። ታሪኩ እንዲህ ነው። የታኦይዝም አባት የሚባለው ላኦ ዙ አገሩን ትቶ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ዪን ሺ የሚባል የኬላ ጠባቂ ያዘውና ጥበብህን ጽፈህልኝ ሂድ አለው። 5,000 ያህል ፊደል ጻፈለት። ሲለያዩም "ሺህ ቀን ከተማርክ በኋላ ቼንግዱ፣ የአረንጓዴው ፍየል ገበያ ላይ ፈልገኝ" አለው። ቤተ መቅደሱ የቆመው እዚያ ገበያ ላይ ነው ይባላል። በቤተ መንግሥት ማዕረግ የተጠራው ግን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ881 የታንግ ንጉሥ ሺዞንግ አመፅ ሸሽቶ ቼንግዱ ከገባ በኋላ፣ በ883። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ በአብዛኛው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የታነጸ ነው። የድሮው በጦርነት ጠፍቷል።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ባለ ስምንት ማዕዘኑ ሕንፃ ላይ ነው። መሠረቱ አራት ማዕዘን፣ አካሉ ክብ፣ ጣሪያው ስምንት ማዕዘን ሆኖ ሁለት ድርብ። ምድር አራት ማዕዘን ናት፣ ሰማይ ክብ ነው የሚለውን ሐሳብ ነው የሠሩት። ከሩቅ ሳየው አራዳ ጊዮርጊስ መሰለኝ፤ እሱም ስምንት ማዕዘን ነው። ስጠጋ ግን መሳቅ ጀመርኩ። የድንጋይ ምሰሶዎቹ ላይ ደራጎን ተጠምጥሟል። ጥፍሩ፣ ጢሙ፣ ቅርፊቱ ሳይቀር ተቀርጿል። በጠቅላላው 81 ናቸው ይባላል፤ እንደ ላኦ ዙ መጽሐፍ ምዕራፎች ቁጥር። እኛ ቤት በፈረስ ተረግጦ በጦር የሚወጋው ደራጎን እዚህ ምሰሶ ተሰጥቶት በክብር ይኖራል።

ዕጣናቸው በቀጭን እንጨት ላይ የተለጠፈ ዱቄት ነው። ሦስት ሦስት ይለኩሱና በግንባራቸው ትይዩ ይዘው ይሰግዳሉ። ሽታው ከኛ ይለያል፤ ሳንቃ ሳንቃ ይላል። የኛ ከዛፍ የሚደማ ሙጫ ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ግን ቻይናዎች ከአረቢያና ከአፍሪካ ቀንድ ብዙ ዕጣን በመርከብ ያስመጡ ነበር። ይህን ለዶክተሩ ስነግረው "እንግዲያው ዱቤ አለባቸው" አለኝ።

የሚጋፉበት ቦታ ዋናው አዳራሽ ነው። ከመሠዊያው ፊት ሁለት የነሐስ ፍየሎች አሉ። አንደኛው ባለ ሁለት ቀንድ ነው፣ ደህና ፍየል፤ እ.ኤ.አ. በ1829 የተሠራ። ሌላኛው በ1723 ከቤጂንግ የመጣ ነው። ባለ አንድ ቀንድ ነው፤ እሱን ለማየት ጊዜ ወስጃለሁ። ከሩቅ ፍየል ነው። ጠጋ ስትል ፍየልነቱ ጢሙ ላይ ብቻ ይቀራል። ጆሮው የአይጥ ነው። አፍንጫው የበሬ። ጥፍሩ የነብር፣ ጀርባው የጥንቸል፣ ቀንዱ የደራጎን፣ ጅራቱ የእባብ። አፉ የፈረስ፣ አንገቱ የጦጣ፣ ዓይኑ የዶሮ፣ ሆዱ የውሻ፣ ታፋው የአሳማ። ቻይናዎች ዓመታትን የሚሰይሙባቸው አሥራ ሁለቱ እንስሳት በአንድ ፍየል ገላ ተከራይተው ይኖራሉ።

ሰው የሚታመምበትን ቦታ ፍየሉ ላይ ፈልጎ ይዳስሳል። ራስ ምታት ያለበት ራሱን፣ ወገብ የሚያመው ወገቡን። ስለዚህ ነሐሱ አንድ ዓይነት ቀለም የለውም። እጅ የማይደርስበት ጥቁር ቡናማ ነው፤ አፍንጫውና ጀርባው ግን እንደ አዲስ ወርቅ ያበራል። የጥንቸሉ ጀርባ ከሁሉም በልጦ ተወልውሏል። ከኮምፒውተር ፊት የሚውል ሕዝብ አገር ነው። ዶክተሩም ጀርባውን ዳሰሰ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ከኋላዬ አንድ ቡድን ሽማግሌዎች ገፋ ሲያደርጉኝ ግን መደገፊያ ፍለጋ እጄ የሄደው ቀጥታ አፍንጫው ላይ ነው። ሞቅ ያለ ነው፣ ለስላሳ፤ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ደህና፣ አፍንጫዬን አሞኝ አያውቅም።

እዚያው ሳለን አንዲት አሮጊት የነጠላዬን ጥለት በሁለት ጣታቸው ያዙ። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ስፌት ፈለጉ፣ አጡ። ለዶክተሩ "በእጅ ነው?" አሉት። "በእጅ ነው" አለ። ራሳቸውን ነቅንቀው ጥለቱን በጥንቃቄ ወደ ትከሻዬ መለሱት። ሸማኔ የሚያውቅ ሰው የትም አገር አንድ ነው።

መነኮሳቱ ፀጉራቸውን አናታቸው ላይ ቋጥረው በእንጨት ይወጉታል። ልብሳቸው ጥቁር ሰማያዊ ነው። አንዱ ስልክ እያየ አለፈን። የቤተ መቅደሱ ትልቅ ሀብት ግን ለእንደኔ ዓይነቱ ጎብኚ አይታይም። የታኦይዝም መጻሕፍት የተቀረጹባቸው ከ13,000 በላይ የእንጨት ሰሌዳዎች አሉ፤ ከፒር ዛፍ የተሠሩ። ፊደሉ ተገልብጦ ይቀረጻል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይጫንበታል። እነሱ ፍየሉን ነሐስ አድርገው መጽሐፉን እንጨት ላይ ጻፉ። እኛ ፍየሉን ገፈን ብራናው ላይ ጻፍን።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ተጀመረ። እኔ ደግሞ በፍልሰታ ቢያንስ እስከ ስድስት ሰዓት ሳልቀምስ መቆየት ልማዴ ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት ከሄድኩ ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ለእማዬ ደወልኩ። የጾም ሥርዓት በስልክ የሚጠየቅ ከሆነ ከሷ የሚበልጥ ሊቅ አላውቅም።

"የት ነሽ?"

"ምሳ ልበላ ነው። የቻይና መነኮሳት ቤት።"

"ጣዖት ቤት?"

"ወጥ ቤቱ ለብቻው ነው እማዬ።"

ዝም አለች። "ለጣዖቱ ያቀረቡት ነው?"

ዶክተሩ ሄዶ ጠየቀ። ለመሠዊያው የሚቀርበው ፍራፍሬ ነው፣ ይሄ ለሰው የተበሰለ ነው አሉት።

"እንግዲያው ባለሽበት አገር ሰዓት ስድስት ሲሆን ብዪ። ምንድን ነው ወጡ?"

"አትክልት። ሽንኩርት የለበትም። ነጭ ሽንኩርትም የለበትም። ጠረኑ የሚጠና ነገር መነኮሳቱ አይበሉም።"

አሁን በእውነት ደነገጠች። "ሽንኩርት ከሌለው በምን ያቁላሉታል?"

ግማሽ ሰዓት ሳህኑን እያየሁ ቆየሁ። ለሁለታችን 40 ዩዋን ከፍለናል። ሩዝ፣ ጎመን፣ የቶፉ ወጥ፣ እንጉዳይ፣ ቀይ ጥብስ የሚመስል የአኩሪ አተር ነገርና ቁርጥራጭ አረንጓዴ አትክልት። ስድስት ሲል ጀመርኩ። ጥብሱ ስቡና ጅማቱ ሳይቀር ተመስሎ የተሠራ ነው፤ አፌ ውስጥ ሳስገባው ልቤ ፈራ። ጾም ላይ ሥጋ ለመምሰል ይሄን ያህል መድከም ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም። የኛ ሽሮ ዶሮ ነኝ ብላ አታውቅም። እንጉዳዩ ግን! ዝንጅብልና ትንሽ የአኩሪ አተር ስጎ ብቻ ነው ያለበት፤ ሽንኩርት ሳይኖር እንዲህ መጣፈጡ አናደደኝ።

አረንጓዴው አትክልት ኮሶ ነው ብል አላጋነንኩም። መራራ ዱባ ይሉታል፤ በሙቀት ጊዜ ይበላል፣ ገላ ያቀዘቅዛል ይላሉ። አንድ ጎርሼ ሳህኔን ገፋ አደረግኩ። ሳህን የምትሰበስበው ሴትዮ መጥታ ቆመች። አልተቆጣችም። በጣቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየችኝ። "የቀረበልህን ጨርስ ነው የሚለው" አለ ዶክተሩ፣ የሱን ድርሻ ጨርሶ እየሳቀ። ስምንት ቁራጭ ነበር። ቆጥሬዋለሁ።

ስንወጣ ከአንዱ አዳራሽ ጀርባ ግድግዳ ላይ "ዕድሜ" የሚል ትልቅ ፊደል አየን። ከሩቅ ዓይንህን ጨፍነህ ሄደህ ከነካኸው ትኖራለህ ነው ነገሩ። ዶክተሩ መሃሉን ነካ። እኔ ወደ ቀኝ ሄጄ የአበባ ማሰሮ አቀፍኩ።

ነሐሴ 5፣ ቺንግቼንግ ተራራ

ነሐሴ 4 ዝናብ ነበር፤ ተኛን። በማግስቱ ዶክተሩ ላብራቶሪ ስለነበረው ብቻዬን በባቡር ወደ ቺንግቼንግ ተራራ ሄድኩ። ታኦይዝም እንደ ሃይማኖት የተደራጀው እዚህ ነው ማለት ይቻላል፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዣንግ ዳኦሊንግ የሚባል መምህር ያስተማረበት ቦታ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኔስኮ ከጎረቤቱ ከዱጂያንግያን መስኖ ጋር በአንድነት መዘገበው። በ2008ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለቱም ቦታ ብዙ ቤተ መቅደስ ተጎድቶ ነበር። አሁን ምልክቱን ፈልጌም አላገኘሁ።

ተራራው ደረጃ ነው። ሁሉም ነገር ደረጃ ነው። ጭጋግ፣ እርጥብ ድንጋይ፣ ዛፍ፣ ደረጃ። "ደብረ" የሚል ስም ሊሰጠው የሚገባ ቦታ። ከመሃል ተራራው ላይ የሰማይ መምህር ዋሻ የሚሉት ገዳም አለ። ግቢው ውስጥ ዣንግ ዳኦሊንግ ተከለው የሚባል የጊንጎ ዛፍ ቆሟል። ከቅርንጫፎቹ እንደ ላም ጡት ያለ እንጨት ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ዝናብ ሲመጣ ሥሩ ተጠለልኩ፤ ጠብታ አልነካኝም።

እዚያ አንዲት ሻጭ ነጭ መጠጥ በትንሽ ብርጭቆ ዘረጋችልኝ። የስልኬ ተርጓሚ "የዋሻ ወተት አረቄ" አለኝ። ወተት! ጾም ነኝ ብዬ እጄን አወራጨሁ። ማታ ዶክተሩ ከኪዊ ፍሬ የሚጣል ጠጅ መሆኑን ነገረኝ። ወተት የተባለው መልኩን አይተው ነው። ይቆጨኛል።

ስወርድ ስልኬ ጠፋ። ባትሪ አለቀ ማለት ነው። ገንዘቤ ስልኩ ውስጥ ነው። ካርታው ስልኩ ውስጥ ነው። ተርጓሚው ስልኩ ውስጥ ነው። ሐይቁን መሻገሪያ ጀልባ 5 ዩዋን ነው፤ ኪሴ ውስጥ ያለው አንድ የ100 ዩዋን ኖት ብቻ። ልጁ ኖቱን እንደ ሙዚየም ዕቃ አየው። መልስ የለውም። ከኋላዬ የነበሩ አንድ ሰውዬ ስልካቸውን ዘርግተው የሁለታችንንም ከፈሉ። ኖቱን ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ። ዳቦ ቆሎዬን አወጣሁ። አንድ ፍሬ አንስተው አሸተቱ፣ ነከሱ፣ እየሰማኋቸው ቀርጨጭ አደረጉት፤ ከዚያ መዳፋቸውን እንደ ጽዋ አድርገው ዘረጉልኝ። ወዲያ ማዶ እስክንደርስ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተናገርንም። እየቆረጠምን ነበር።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ሱቅ ስልኬን ሰካልኝ። ዶክተሩን ሳገኘው አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል።

ነሐሴ 8፣ ቤት

እማዬ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሽንኩርቱ በደንብ የተቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርቱም ያልተቆጠበበት። ሁለት እንጀራ በላሁ። ስለ ፍየሉ ነገርኳት፤ ስለ መራራው ዱባ ነገርኳት። አፍንጫውን መንካቴን አልነገርኳትም።

ከቼንግዱ ያመጣሁላት ሁዋጂያው በከረጢት አለ። በማግስቱ ጠዋት ሳልነግራት አንድ ፍሬ አንስታ "ይሄ ኮረሪማ ነገር ነው?" ብላ ነከሰችው። ትንሽ ቆየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ጮኸች፣ ለእህቴ።

"ነይ እስቲ! ከንፈሬ አለ?"